ክቡር ማግኔት እና የመንገዱ ሚስማር

በየሰፈሩ የሰው ጎማ እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩ ደግሞ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ናቸው። የወደቀ መርፌ የሚለቅሙበትን ማግኔት በገመድ አስረው ብስክሌታቸው ላይ ስላንጠለጠሉ፣ ስማቸውን ትተን ክቡር ማግኔት እንላቸዋለን።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የምንሄደው በየብስክሌታችን አብረን ነው፤ መሄድ ከተባለ። ገና ከበራችን ሳንርቅ ግራ እጃቸውን ወደ መሬት ይዘረጋሉ። «ጠርሙስ!» ዞር ብለው ከኋላ መኪና አለመኖሩን ያያሉ፣ ቀስ ብለው ዳር ይይዛሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይለቅማሉ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ሽቦ። ከዚያ ብሎን። አለቃዬ ለምን አረፈድክ ማለቱን ትቶ «ዛሬስ ምን አገኛችሁ?» ማለት ጀምሯል።

«አልፈነው ብንሄድስ ጋሼ?» እላቸዋለሁ።

«እኛስ እናልፈው ይሆናል፤ ከኋላ የሚመጣውስ?» ይሉኛል። ትምህርቱም ይከተላል። «መሪህን ድንገት አትጠምዝዝ። ዐይንህንም ጠርሙሱ ላይ አትትከል፤ ወዳየህበት ነው የምትሄደው።» ይህችን ነገር ከስሜ በላይ ሰምቻታለሁ።

የሚያበግነው ግን ከረጢታቸው ነው። የለቀሙትን ሁሉ የሚያጠራቅሙበት፣ ከብስክሌታቸው ኋላ የሚንጠለጠል የጨርቅ ከረጢት አላቸው፤ ቀዳዳ ነው። የሰው ሱሪ ሲጥፉ እየዋሉ የራሳቸውን ከረጢት አይጥፉም። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ባለፈው ከኋላቸው ስነዳ ጎማዬ ተነፈሰ። የወጋኝ ሚስማር ከአፍታ በፊት እሳቸው ራሳቸው የለቀሙት ነበር። አገላብጠው አዩትና «ርቀትህን ጠብቅ ብዬህ አልነበር?» አሉኝ። ደሜ ፈላ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ።

ሰኞ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በብስክሌት ትምህርት ቤት የምትሄድበት ቀን ነበር። የፈራሁት መንገዳችን ላይ ካለው ጋራዥ ፊት ያለውን መታጠፊያ ነው። ቁርጥራጭ ብረትና የጠርሙስ ስባሪ አይታጣበትም፤ አንሸራቶ ቢጥላት ደግሞ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና አለ። ከኋላዋ እየነዳሁ መሬት መሬቱን እቃኝ ነበር።

ስንደርስ መንገዱ ተጠርጓል። ክቡር ማግኔት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። እኔን እንዳላየ ሰው ሆኑ።

«ዐይንሽ ወደ ፊት የኔ ልጅ፤ ወዳየሽበት ነው የምትሄጂው» አሏት። ቀና ብላ ታጠፈች።

ትምህርት ቤት አድርሻት ስመለስ ማግኔቱን በገመዱ ይዘው የመንገዱን ዳር እየፈተሹ እዚያው ናቸው። ከብስክሌታቸው ኋላ በከረጢቱ ቦታ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ታስሯል።

«ከረጢቱስ ጋሼ?»

«አርጅቶ ነበር» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «ሥራ አይረፍድብህም?»

ለካ «ከኋላ የሚመጣው» እያሉ ሲነዘንዙኝ የከረሙት ለእኔዋም ልጅ ኖሯል። «ይረፍድ» አልኳቸውና ማግኔቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።