በጠራራ ፀሐይ የተጫነው ቤታችን

ባለፈው ጥር፣ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ፒያሳ ያለው ቤታችን ተዘረፈ። እኔና ባለቤቴ አልማዝ ከዋዜማው ጀምሮ ለእህቷ ልጅ ክርስትና ደብረ ብርሃን ነበርን። ስንመለስ የጠበቀን ባዶ ግድግዳና አንድ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው።

ሌባን ስለመከላከል የማይመክር ሰው አለ? አንዱ ውሻ አሳድግ ይላል፣ ሌላው ካሜራ ስቀል ይላል። እኔ ዕድሜዬን ዜና ስዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝና ከምክር ይልቅ መረጃ አምናለሁ። በዘገብኳቸው ስርቆቶች ሁሉ ሌባው ቤቱ ባዶ መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ስለዚህ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ፣ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ካደረግሁ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠውን መከላከያ ጨመርሁ። እሱም ዝምታ ነው። መሄዳችንን ለማንም አልተናገርንም። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ደጅ ላይ አግኝተውን "ወዴት ነው በማለዳ?" ሲሉ እንኳ፣ "እዚህ አራት ኪሎ ደርሰን ልንመጣ ነው" አልኳቸው። አዛውንትን መዋሸት ደግ አይደለም፤ ግን ለደኅንነት ሲባል የማይደረግ ምን አለ?

ቴሌቪዥኑ ይሂድ፣ ፍሪጁም ይሂድ። ያንገበገበኝ የአልማዝ የስፌት መኪና ነው። እንጀራዋ እሱ ነው። የብረት እግር ያለው፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያስቃስት አሮጌ መኪና! ለዚያው ሳምንት ሠርግ የአራት ሚዜዎች ቀሚስ ግማሽ ተሰፍቶ ላዩ ላይ ነበር። አልማዝ ባዶው ቦታ ላይ ቆማ፣ "የሰው ቀሚስ እኮ ነው! ምን ብዬ ነው የማያቸው?" አለች።

ምርመራ ጀመርሁ። ስምንት አባወራ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ የጭነት መኪና በጠራራ ፀሐይ ገብቶ ሲወጣ እንዴት አንድ ሰው አያይም? አይተዋል። ምነው ማየት ብቻ በሆነ!

ሰፈሩ ይነሳል ከተባለ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቤት ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ጎረቤት ሲጭን ደግሞ እጁን አጣጥፎ የሚያይ የለም፣ ሁሉም ይሸከማል። እናም ቱታ የለበሱ ሁለት ወጣቶች መጥተው "ባለቤቶቹ ልከውን ነው፤ ቁልፉ ጠፍቶባቸዋል" ሲሉ፣ ጡረታ የወጡት በያጅ ጋሽ ወርቁ የብረት መጋዛቸውን አመጡላቸው።

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ለሌባ መጋዝ ያቀብላሉ?" አልኳቸው። ይባስ ብለው እሳቸው ተቆጡ። "እኔ ምን ላውቅ! አራት ኪሎ ብለኸኝ ወጣህ፣ በማግስቱ የጭነት መኪና መጣ። ሠላሳ ዓመት አብሮን ኖሮ ሳይሰናበተን ተነቀለ ብዬ እንባዬ ነው የመጣው!" ከጓሮ የሚኖሩት እማማ ዘነቡም ቀጠሉ፦ "እኔማ አልጋህን ተሸክሜ ስረግምህ ነበር። ለጎረቤት መንገር ምን ነውር አለው?"

እንዲህ ያለ ፍርድ ታይቶ ይታወቃል? ቤቱ የተዘረፈው እኔ፣ ተወቃሹም እኔ! ሌባው በር ሰበረ እንበል፤ ሙያው ነው። ጎረቤት ግን በምን ሒሳብ ነው የወንበዴ ጫኝና አውራጅ የሚሆነው? ከጋሽ ወርቁ ጋር ሰላምታ አቆምኩ። ማለዳ ማለዳ "እንዴት አደርክ?" ይሉኛል፣ እኔ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። አልማዝ ደግሞ የሙሽራዋን እናት ይቅርታ ጠይቃ መጣችና፣ አልጋው ላይ እንዳትቀመጥ አልጋ የለም፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ፖሊስ ጠራን። ሁለቱም ተይዘዋል። ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ተሽጠዋል። የቀረው ዕቃ በሙሉ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ እንደተቆለለ ተገኘ። የስፌት መኪናው በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ነበር። አልማዝ ፈታችው፣ ረገጠችው፣ ሠራ። ቀሚሶቹም ተጣጥፈው መሳቢያው ውስጥ ነበሩ። ብርድ ልብሱ ግን የእኛ አልነበረም።

መርማሪው የአንደኛውን ተጠርጣሪ ቃል አነበበልን። እንደ ልማዴ ቃል በቃል ገለበጥኩት፦

"የመጣነው ለቴሌቪዥኑና ለፍሪጁ ብቻ ነበር። ጭነን ልንወጣ ስንል አንድ ሽማግሌ የግቢውን በር ዘጉብን። 'ሚስቱ የምትበላው በዚህ የስፌት መኪና ነው፣ ጥላችሁት ንቅንቅ አትሉም' ብለው፣ ብርድ ልብሳቸውን ከቤታቸው አምጥተው ጠቀለሉት። እኛ ይከብዳል፣ ይቅርብን ብለን ለምነናቸው ነበር።"