የማን ልጅ ነህ?

ባለፈው ክረምት ጥርሴን ልነቀል መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ነበር። ጥርስ መነቀል ምን ወሬ አለው እንዳትሉኝ። ወሬው ያለው ጥርሱ ላይ ሳይሆን አብሮኝ የሄደው ሰው ላይ ነው። የሄዱት ዋርሳዬ ጋሽ ዘውዴ ናቸው፣ የባሌ ታላቅ ወንድም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ወዲህ ሐኪም ቤት ስሄድ፣ ቀበሌ ስጠራ፣ ለቅሶ ስደርስ ከጎኔ አይጠፉም። ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለማልመለስበት ነው።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። መርፌውን ወጋኝ፣ ጉንጬ ደነዘዘ፣ «አፍዎን በደንብ ይክፈቱ እማማ» አለኝ። ከፈትኩ። ይሄኔ ጋሽ ዘውዴ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሆነው፣ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ልጁ የዋህ ነው፣ ያባቱን ስም ተናገረ። ያያቱንም ጨመረ። «አያትህ ያ ግራኙ፣ የሞላሌዋን ሴት ያገባው ነው?» ሲሉት ጊዜ ልጁ ወደሳቸው ዞረ። እኔ አፌን ከፍቼ፣ እሱ ጉጠቱን ይዞ፣ እሳቸው ቅድመ አያቱን ይዘው ቆየን። ዝምድናው አምስተኛው ቤት ላይ ሲገናኝ የመርፌው ኃይል አልቋል። ጥርሴ የተነቀለው እያወቅሁት ነው። ልጁ ግን ሲሸኘን የጋሽ ዘውዴን ጉልበት ስሞ ነው።

መንዝ ውስጥ ዘር የማይቆጥር ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ድሮ መሬት የሚገኘው በዘር ነበር። ከእገሌ እወለዳለሁ ያለ ሰው ቆጥሮ ያስረዳል፣ ካስረዳ ያርሳል፣ ካላስረዳ የሰው ከብት ሲጠብቅ ይኖራል። ያ ቀረ። መሬቱን ደርግ ወሰደው፣ ኢሕአዴግ ሲገባ ደግሞ በኮሚቴ ደለደለው። ቆጠራው ግን ጋሽ ዘውዴ አፍ ላይ ቀረ። የሚያርሱት መሬት ሲያንሳቸው ጊዜ ሰው ያርሳሉ።

አንዴ ለቅሶ ሄድን። አንዲት ሴት «ወይኔ አጎቴ» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ጠጋ ብለው፣ «አጎትሽ እንኳ አይደለም፣ ያባትሽ ያክስት ልጅ ነው» አሏት። ምን ታድርግ፣ ማልቀሷን አልተወችም። ድምጿን ግን ዝቅ አደረገችው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ከወረዳ የመጣ ካድሬ ስለ ማዳበሪያ ሲያስረዳ እጃቸውን አወጡ። ካድሬው የማዳበሪያ ጥያቄ መስሎት ዕድል ሰጣቸው። የጠየቁትን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሞባይል የሚሉት ሲመጣማ ባሰ። አንድ የመርሐቤቴ ሰው ቁጥር ተሳስቶ ደወለላቸው። ይቅርታ ብሎ ሊዘጋ ሲል፣ «ቆይ እስቲ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ባትሪው እስኪሞት አወሩ። በሳምንቱ ሰውየው ማር ይዞ ቤታችን መጣ።

ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ የደነቆርኩ መሰልኩ። እሳቸው ጮክ ብለው ይቆጥሩልኝ ጀመር፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ቀጥሎ ገበያ ውስጥ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ አላውቀውም ማለት ጀመርኩ። ተከትለውት ይሄዱና ጠይቀውት ይመለሳሉ። «አታውቂውም? ያክስትሽ ባል ወንድም እኮ ነው» ይሉኛል። በመጨረሻ ያገኘሁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ የራሴን ዘር ማንሳት።

እኔ በናቴ በኩል ከባላምባራስ ተድላ አምስተኛ ነኝ። ባላምባራስ ተድላ ማለት ከግሼ እስከ ጓሳ በፈረስ ሲሄዱ የሰው መሬት የማይረግጡ ሰው ነበሩ ይባላል። ይህን ማውራት ስጀምር ጋሽ ዘውዴ ዝም ይላሉ። ትንሽ ይቆዩና ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከብት ልይ ብለው ይወጣሉ። እኔም መድኃኒቱን ካገኘሁ ብዬ ከአርባ ዓመት በላይ ሲያመኝም ሳያመኝም ወሰድኩት።

የመጨረሻ ልጄ ጥሩወርቅ አስተማሪ ናት። ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል። ሦስት ጠያቂ መጥቶላት ሦስቱንም የመለስኩ እኔ ነኝ። አንዱ ዘሩ አጭር ነው፣ አንዱ አይታወቅም፣ ሦስተኛውን ምን እንዳልኩት ረስቼዋለሁ፣ ብቻ መልሼዋለሁ። አራተኛውን ራሷ አመጣችው። ደሳለኝ ይባላል፣ የግብርና ሠራተኛ፣ የግሼ ልጅ። «እማዬ፣ ይሄን ከመለሽው ሌላ አላመጣም» አለችኝ። ጥሩወርቅ ያለችውን አትለውጥም። በኔ ወጥታለች።

ሽማግሌ ሊመጣ ቀን ተቆረጠ። አባት ስለሌላት የሚቀበሉት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ዋዜማውን አስቀምጬ ለመንኳቸው።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ነገ እንኳ አያብዙት። ከሰባት ቤት በላይ አይውጡ።»

«ከሰባት በታች ከተገናኘስ?»

«እኛና የግሼ ሰው ምን አገናኘን?» አልኩ።

እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ሥጋ አይጋባም። ቤተ ክርስቲያንም አትፈቅድ፣ አገርም አይፈቅድ። ይህን ማንም አይከራከረውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። በኛ በኩል የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ማርያም ተቀምጠዋል። ጥሩወርቅ ጓዳ ሆና ብርጭቆ ታጥባለች፤ ከማለዳ ጀምሮ ያንኑ ብርጭቆ ነው የምታጥበው። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ቆመው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጣን አሉ። ጋሽ ዘውዴ ተቀመጡ አሏቸው። ከዚያ፣ «የማን ልጅ ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ቦታውን አግኝቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሽማግሌው ባባቱ በኩል ቆጠሩ። ምንም አልተገኘም። በናቱ በኩል ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት እያሉ ወጥተው ስድስተኛው ላይ፣ «ባላምባራስ ተድላ» አሉና ቆሙ። ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ይህ ቤትም የባላምባራስ ተድላ ነው ሲባል እሰማለሁ» አሉ። «እኛ አገር ድረስ ይወራል። የሞላሌ ገበያማ ሁሉ ያውቀዋል።»

ማን እንዳሳወቀው አትጠይቁኝ። እኔ አምስተኛ ከሆንኩ ጥሩወርቅ ስድስተኛ ናት። ልጁም ስድስተኛ። ጓዳ ውስጥ ያ ብርጭቆ ዝም አለ።

ጋሽ ዘውዴን አየኋቸው። አሁን አንድ ነገር ይላሉ፣ አንዱን ቤት አንስተው አንዱን ጥለው ይፈቱታል ብዬ ጠበቅሁ። ጥርስ ነቃይ የማይምሩ ሰው፣ ሙሾ የሚያርሙ ሰው፣ ብርጭቋቸው ውስጥ ዝንብ የወደቀ ይመስል አቀርቅረው ቀሩ። አባ ገብረ ማርያም፣ «ሥጋ ከሆነ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ፈለጉ።

እናቴ ልትሞት ስትል የነገረችኝ ነገር አለ። ለማንም አትንገሪ ብላኛለች። አልተናገርኩም፤ እንዲያውም ለራሴም አልነገርኩትም፣ ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። ከዘራው ከመሬት ሲነሳ አስታወስኩት።

«ቁጭ ይበሉ» አልኩ። «እኔ የባላምባራስ ተድላ ዘር አይደለሁም።»

ቁጭ አሉ።

የናቴ አያት ቢተው ይባላል። በዚያ በክፉ ቀን፣ ከብት ሁሉ አልቆ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ፣ ብቻውን በእግሩ መጥቶ ባላምባራስ ተድላ ደጅ የተቀመጠ ልጅ ነው። ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አሳደጉት፣ ከብት አስጠበቁት፣ ሲያድግ ስማቸውን ሰጡት። ከዚያ በኋላ ሰዉ ልጃቸው ነው አለ፣ እኛም ነን አልን። ይኸው ነው።

አባ ገብረ ማርያም ጠንቃቃ ናቸው። «ክርስትና ያነሡት ባላምባራሱ ከሆኑስ? እሱም ዝምድና ነው» አሉ።

«ሲመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ማዕተብ ባንገቱ ነበር። ክርስትናውን አገሩ ተነሥቷል።»

መስቀላቸውን አወጡ። እውነት ስለመሆኑ ሳምኩ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መልሰው አስቀመጡና ጠላቸውን አነሡ። ጓዳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ተሰበረ።

እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ ጋሽ ዘውዴ ካቡ አጠገብ ቆሙ።

«በሉ ስልክዎን ያውጡ» አልኳቸው። «እስከ መርሐቤቴ ይዳረስ።»

«ምኑ?»

«የቢተው ነገር ነዋ።»

«እሱንማ ከሠርግሽ በፊት ነው የማውቀው» አሉ። «ወንድሜ ሊያገባሽ ሲል የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም? ግሼ ድረስ በእግሬ ሄጄ አንዲት አሮጊት ነገረችኝ።»

«ለባሌ ነገሩት?»

«ለማንም።»

«ከአርባ ዓመት በላይ ዝም አሉ? እርስዎ?»

«ስታወሪው ፊትሽ ይበራል። ውሸት ነው ብዬ ላጥፋው? መስማቱ ደግሞ ያስጨንቀኛል። ስለዚህ ከብት ልይ ብዬ እወጣለሁ።»

«ከብቶቹ ያን ጊዜ ሁሉ ምንም አልሆኑም?»

«ምን ይሆናሉ?»

መሬት ሲደለደል ሰው ሁሉ ዘሩን ደብቆ ድኻ ነኝ ሲል፣ እኔ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ባላምባራስ ተድላን አስመዝግቤያለሁ። የባላባት ዘር ተብዬ የወንዝ ዳር ማሳዬ ተቀነሰ። እሱ ትዝ አለኝ።

«ያን ለት እንኳ ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

«ልናገር ተነሥቼ ነበር። ይቀመጡ፣ የራሴን ዘር ራሴ እቆጥራለሁ አልሽኝ።»

ብያለሁ። «ዛሬስ? ልጄ ቆማ ልትቀር?»

«ያንቺ ነው፣ አንቺ ተናገሪው ብዬ ነው። ባትናገሪ እኔ እናገር ነበር።»

«መቼ?»

«በሩን ሲያልፉ።»

ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? «ይበርዳል፣ ይግቡ» አልኳቸው።

ሠርጉ ተሠረገ። ከዚያ ወዲያ አፌን የሰበሰብኩ ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ፣ ሁለት ወር ያህል ሰብስቤያለሁ። በሁለተኛው ወር ገበያ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የባላምባራስ ተድላ ልጆች ምን አደረጉ? ተወለዱ፣ ወረሱ። ይህን ማን ያቅተዋል? ቢተው ግን በሰባት ዓመቱ፣ ጅብ ሰው በሚበላበት ዘመን፣ ስንት ወንዝ ብቻውን ተሻግሮ፣ ካገሩ ደጅ ሁሉ መርጦ ከባላምባራስ ደጅ ተቀመጠ። ይህ ተራ ልጅ ነው? አጠገቤ ላሉት ሴቶች ነገርኳቸው። በሚቀጥለውም ገበያ ነገርኳቸው። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የቢተው ዘር ነኝ ነው የምለው።

ጋሽ ዘውዴ አንድ ቀን ሰምተውኝ፣ «አንቺ፣ ከቢተው በላይ እኮ አይታወቅም፣ እዚያ ላይ አቁሚ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ አይታወቅም። እኔስ ያልኩት ምን ሆነና? አባቱ ደጃዝማች አልነበሩም የሚል ሰው ካለ፣ ይምጣና ቆጥሮ ያስረዳ።