ባለቤቴ ጫማውን ያወለቀ ሰሞን

ስለ ድሮ ሰው ጤንነት አጥብቀው የሚሰብኩትን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፤ አብዛኞቹ ድሮን የሚያውቁት በወሬ ነው። የድሮ ሰው በባዶ እግሩ እየሄደ፣ ሸክም እየተሸከመ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠበ መቶ ዓመት ኖረ ይሏችኋል። መቶ ያልሞላቸውንማ ማን ይጠይቃቸዋል? ሞተዋል።

ባለቤቴ ታደለ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ ነው። ባለፈው ክረምት ደም ግፊት አለብህ ተባለና መድኃኒት ታዘዘለት። በዚያው ሰሞን ስልኩ ላይ አንድ ጡንቸኛ ሰውዬ አገኘ። ሰውዬው ግንድ ተሸክሞ ጫካ ለጫካ እየሮጠ «ሰውነታችሁ የተሠራው ለዱር ነው፤ ጫማ እስር ቤት ነው» ይላል። ታደለም ጫማውን አውልቆ ጠዋት ጠዋት ይሮጥ ጀመር። ይሁን አልኩ። በኋላ ግን መድኃኒቱንም እንደተወው ደረስኩበት። ከዚያ ወዲያ ቁና ቁና ሲተነፍስ እሰጋለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል።

አንድ ቅዳሜ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያሉትን አጎቴን አያ ደሴን ልንጠይቅ ሄድን። ከመኪና እንደወረድን ታደለ ጫማውን በእጁ ያዘ። አያ ደሴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከሰላምታው በፊት እግሩን አዩ።

«ጫማህን ምን አገኘው?»

«ለጤና ነው አያ። እንደ እናንተ ልሁን ብዬ።»

አልሳቁም። በልካቸው የተሰፋውን ሰፊ ጫማ ቀስ ብለው አወለቁና ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ዕድሜዬን ሙሉ አጎቴ ሲሆኑ ያንን እግር አይቼው አላውቅም። ከጉልበት በታች አብጧል፤ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ደርቆ ተቋጥሯል። ሠርግ ቤት የማይመጡት በኩራት ይመስለኝ ነበር።

«የቀይ አፈሩ ሥራ ነው» አሉ። «አርባ ዓመት በባዶ እግሬ አረስኩ። ሐኪሟ ቀድመው ጫማ ቢያደርጉ ኖሮ አይይዝዎትም ነበር አለችኝ። ጫማውን ከየት ላምጣ?»

«እኔ እኮ ከጀመርኩ ገና አንድ ወር ነው» አለ ታደለ።

«እኔም በአንድ ቀን አላበጥኩም።»

ይኼኔ አላስቻለኝም። «መድኃኒቱንም ትቷል» አልኩ።

አያ ደሴ ወደ ታደለ ዞሩ። «የዚችን አባት፣ ወንድሜን፣ አልደረስክበትም» አሉት። «ራሴን ፍልጥ ያደርገኛል እያለ ያርስ ነበር። በሬው እንደተጠመደ ወደቀ። ሐኪም አላየውም። እኛ ደግሞ አንድ ቀን ታሞ የማያውቅ ሰው እያልን አለቀስንለት።»

እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴን የማውቀው ታሞ እንደማያውቅ ሰው ነበር።

ስንመለስ ታደለ ጫማውን አድርጎ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተደግፏል። ብዙ ከሄድን በኋላ «አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለኝ።

«ሃምሳ አንድ።»

እሱ አርባ ዘጠኝ ነው። ቤት ስንገባ መድኃኒቱን ዋጠ፤ ከዚያ ወዲህም አላቋረጠም።

ጠዋት ጠዋት አሁንም ይሮጣል፣ በጫማ። ትንሽ ከዘገየ ወጥቼ በር ላይ እቆማለሁ። ጎረቤት ምን ታደርጊያለሽ ሲለኝ፣ የጠዋት አየር ለጤና ጥሩ ነው እላለሁ።