ኢንተርኩለሩን ያለበስኩት ቀን

እኛ ቤት አዲስ ዕቃ ራቁቱን አያድርም። ሶፋው ከመጣበት ላስቲክ ሳይወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በአዳማ ሙቀት የተቀመጠበት እንግዳ ሲነሣ ላስቲኩም ሊሸኘው አብሮት ይነሣል። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ይህ በሽታ ነው የሚሉኝ አሉ። እናንተ ቤት የለም? እስቲ ሪሞታችሁን አውጡና አሳዩኝ!

በዚህ ጠባዬ ነው እንግዲህ በእጄ ያሳደግኳትን ልጅ ሰው ፊት ላዋርዳት ምንም ያልቀረኝ። አሁን ሳወራው እንኳ ፊቴን በነጠላዬ መሸፈን ያምረኛል።

ሲፈን የልጄ ልጅ ናት፤ መካኒክ ናት። ጋራዥ ውስጥ ቆማ ያያት ሰው ሻይ ልታቀብል የመጣች ይመስለዋል። ለሰው ስትሠራ ኖራ ዘንድሮ ከከተማው መውጫ ላይ በራሷ ስም ቦታ ተከራየች። የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛዋ ሐጂ ከድር ናቸው፤ ከዴራ ሽንኩርት እየጫኑ አሰላ የሚያወጡ የአርሲ ነጋዴ። ፒክአፓቸው ቱርቦ አለው። ምን ያደርጋል፣ ጭኖ ዳገት ሲያይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል።

ሲፈን ምክንያቱን ለሐጂም ለእኔም አስረዳችን። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ነው ለሞተሩ የሚያጎርሰው፤ አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ስለሚሳሳ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ስለዚህ መሃል ላይ የሚያቀዘቅዝለት ያስፈልጋል፤ እሱ ነው ኢንተርኩለር የሚባለው። መልኩ የራዲያተር ታናሽ ወንድም ነው። በውስጡ የጋለው አየር ያልፋል፣ ከውጭ የመንገዱ ንፋስ ይመታዋል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። ራስ መነቅነቅና መስማት ለየብቻ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ምርጫው የሙሽራ ምርጫ ያህል ቆየ። ሐጂ ትልቁን ግጠሚልኝ አሉ፤ ትልቅ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው፣ ጥምጣማቸውን ያየ ያውቃል። እሷ አይሆንም አለች፤ ከልክ በላይ ከተለቀ አየሩ እሱን ሞልቶ ሞተሩ እስኪደርስ ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ ሲጠብቅ ያረጃል። ሞተሩ አናት ላይ ቢቀመጥስ ቢሏት፣ የቆላው ሙቀት አንሶ የሞተሩንም ሊሞቅ ነው? አለች። በመጨረሻ መካከለኛውን መርጣ ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ እንዲሆን ወሰነች። ቧንቧው አጭር፣ መታጠፊያውም ጥቂት እንዲሆን የፓስታ ካርቶን እየቆረጠች ስትለካ ጫፉን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሥራው ላይ እጄ አለበት። በኋላም አልወጣም።

ሐጂ ጋራዥ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ተናገሩ፤ ሽንኩርት ጭኖ የኢተያን ዳገት ሳያጨስ ከወጣ ሌሎቹን ሁለት መኪኖቼንም ለዚች ልጅ አመጣለሁ፣ ካልወጣ ግን አስፈትቼ ለወንዶቹ መካኒኮች እሰጣለሁ። ወንዶቹ ሳቁ። አንደኛው እንዲያውም «እማማ፣ መጎተቻ ገመድ እንዳይረሱ» አለኝ። ለልጄ ያ መንገድ ፈተናዋ ነበር፤ ከወደቀች ማን ሁለተኛ መኪናውን ይሰጣታል?

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ግቢያችን ቆሟል። አሰላ ለቅሶ ስላለብኝ አብሬ ልሄድ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። አጎንብሼ የተገጠመለትን ኢንተርኩለር አየሁት፤ ያገለገለ ቢሆንም ሲፈን አጥባው ያብረቀርቃል፣ ክንፎቹ እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው። የመንገዱ አቧራ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ያውቃል። አሰላ ደርሰን ሐጂ እስኪረከቡት ንጹሕ ይቆይላት ብዬ፣ ከሶፋው የተረፈ ጥርት ያለ ላስቲክ አምጥቼ፣ በፍርግርጉ ሥር እጄን ሰድጄ አለበስኩትና አራት ማዕዘኑን በሲባጎ አሰርኩት። ደግሞስ የጋለ ነገርን ንፋስ ሲመታው ምን እንደሚሆን የማላውቅ ሴት ነኝ? ሥራዬ ሲያምር! ላስቲኩ ስለጠራ መልበሱ እንኳ አያስታውቅም።

ሐጂ መጥተው መሪውን ያዙ፣ ሲፈንና እኔ ጎናቸው ተቀመጥን፤ እስከ ዴራ ደህና ነበርን። ሽንኩርቱ ተጭኖ ዳገቱ ሲጀምር ግን መኪናው አጉረመረመ፣ ከዚያ አጨሰ፣ ከዚያ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር። እኛ ወደ ላይ አልሮጥንም። አንድ ባጃጅ ጎናችን መጣና ባለቤቱ አንገቱን አውጥቶ «ሐጂ፣ ልጎትትዎት?» ብሎ አለፈን። ሐጂ አልተቆጡም፤ መኪናውን ዳር አቆሙና «አይዞሽ ልጄ፣ ሞክረሻል» አሏት። ቢሰድቧት ይሻል ነበር።

እሳቸው ከኋላ የጭነቱን ገመድ ሊያዩ ሄዱ። ሲፈን ከፊት ቁጢጥ ብላ እጇን በፍርግርጉ ሥር ስትሰድ ያኔ ገባኝ። እጇ ቆመ። ቀና ብላ በመስታወቱ አየችኝ። ከዚያ ላስቲኩን መዝዛ አጣጥፋ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ልናገር አልኩ፣ ምን ልበል? ሐጂ፣ ሶፋ መስሎኝ ነው ልበል?

ሐጂ ሲመለሱ ቆመችና «ስህተቱ የኔ ነው» አለቻቸው። «ንፋሱ መግቢያ ላይ ማየት የነበረብኝን ሳላይ ነው የተነሣሁት። አሁን አስተካክዬዋለሁ፤ ይብረድና ይሞክሩት።»

በረደ፣ ተነሣ፣ ወጣ! ጭስ የለ፣ ማጉረምረም የለ። ባጃጁን ስናልፈው ሐጂ በእድሜያቸው የማይጠበቅ ክላክስ ነፉበት። አሰላ ስንደርስ «ገለቶሚ ልጄ» ብለው መረቋት። መካኒክ ሁሉ ነዳጁ ነው፣ ሾፌሩ ነው፣ መንገዱ ነው ሲለኝ ኖሯል፤ ስህተቱ የኔ ነው ያለኝ መካኒክ ግን ዛሬ አየሁ አሉ። ሁለቱንም መኪኖች በሳምንቱ አመጡላት።

እቤት ገብተን አለቀስኩ። እሷ ሳቀች። «እማዬ፣ አያቴ ናት ብላቸው ማን ያምነኛል? ጥፋቷን ለአሮጊት አሸከመች ነው የምባለው» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለዚህ ባለፈው ሰሞን፣ ሐጂ አዲስ ደንበኛ ይዘው ጋራዥ መምጣታቸውን ስሰማ፣ ዛሬስ ሁሉንም ተናግሬ ይውጣልኝ ብዬ ሄድኩ። ሐጂ ያንን የዳገቱን ታሪክ እያወሩ፣ ያ የገመዱ ልጅ ሳይቀር ጋራዡ ሁሉ ከቦ ይሰማል። ሲያዩኝ «እማማ፣ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት አሉ። እስቲ ይንገሩን፣ ጥፋትን እንዲህ ደፍሮ ማመንን ማነው ያስተማራት?» አሉኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኛ!» አልኩ።