ጂኒ የገባበት ፍሪጅ

እኔ መብራትን አልጠላም። የሮቤ መብራት ነው እኔን የማይወደኝ። ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ይሄዳል፤ ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ሲበተን ይመጣል። ማንን ሊያይ እንደሚመጣ አላህ ይወቀው።

ለራሴ ግድ የለኝም። በጨለማም እሰግዳለሁ፤ ቂብላው አይጠፋኝም። ችግሩ የባለቤቴ የዘይነባ ነው። ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ፣ በፊተኛዋ ክፍል ወተትና እርጎ ትሸጣለች። ፍሪጁ ወንድሟ ለኒካሃችን የሰጠን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ወተቱ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ደግሞ ስሙን የማላውቀው ነገር ይሆናል። ስለዚህ ሶላር እናስገባ አለች። አስገባን።

ያስገባልን ታምሩ የሚባል የጎባ ልጅ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ሳቄ ይመጣል። ጎባን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ፀሐይ ራሷ ጋቢ ደርባ ነው የምትወጣው። ከዚያ አገር የመጣ ሰው ሮቤ ላይ ፀሐይ ሲያስገባ አይገርምም? ብቀልድበት፣ እኛ ስለምትናፍቀን ነው ሥራዋን የተማርነው አለኝ።

ታምሩ ሥራም ያውቃል፣ ወሬም ያውቃል። ሶላሩን ጣሪያ ላይ አሰረ። ባትሪውን አስቀመጠ። የባትሪውን ኃይል ለፍሪጅ የሚሆን መብራት የሚያደርገውን ሳጥን፣ ኢንቨርተሩን ማለቴ ነው፣ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አለቀ ስል ረጅም ብረት ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ቧንቧችን ሥር፣ ሣሩ ለምለም የሆነበት ቦታ ላይ ቆሞ በመዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። ጫፉን ብቻ ከመሬት በላይ አስቀረና ሽቦ አሰረበት። ሽቦውን ወደ ቤት ሳበው።

ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አልኩት። ኧርዝ ነው አለኝ። ከዕቃዎቹ አንዱ መብራት ቢያመልጠው ወደ ሰው ከመሄድ ይልቅ በዚህ ሽቦ ወርዶ መሬት ይገባል። እርጥብ መሬት ደግሞ ቶሎ ይቀበለዋል። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ግን ይህ ወዲያው ገባኝ። ሰው ሲቆጣ ውዱእ ያደርጋል። መብራትም ሲቆጣ እርጥብ መሬት ይፈልጋል ማለት ነው። ለታምሩ እንዲህ ብለው፣ ኮሌጅ እንዲህ ቢያስረዱን ኖሮ ቶሎ እጨርስ ነበር አለ።

አንድ ነጋዴ ደግሞ ነበር አለ፣ መዶሻውን ሳይለቅ። ይህንኑ ብረት ገዝቶ፣ መሬቱ ድንጋይ ቢሆንበት ለሁለት አስቆረጠው። ግማሹን ተከለ። ግማሹስ? ወጥ ቤቱ ውስጥ ሥጋ ይሰቀልበታል። ስቄ አልቻልኩም። ስንት ዓይነት ሰው አለ አልኩ። ያን ቀን እንዲያ ባልስቅ ይሻለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ መጣች። አዮ ነው የምንላት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከጊኒር ወዲያ ባለው ገጠር ብቻዋን ነበረች። ነይ እላታለሁ፣ እምቢ ትላለች። ዱዓ ሳደርግ ከሁሉ ቀድሜ የምለምነው እሷ እኔ ዘንድ እንድትኖር ነው። በመጨረሻ እሺ አለች፤ ግን ያለ ቡሬ አልመጣም አለች። ቡሬ ላሟ ናት። ምን አደርጋለሁ? በአይሱዙ ቡሬ ከላይ ተጭና፣ አዮ ጋቢና ተቀምጣ ሮቤ ገቡ። ከሁለቱ የትኛዋ ይበልጥ ኮርታ እንደነበር እንጃ።

የቡሬ ወተት የዘይነባ ፍሪጅ ውስጥ ይገባ ጀመር። አዮ ምራቷን አትጠረጥርም፤ ፍሪጁን እየከፈተች ታያለች እንጂ። ከየሰላቱ በፊት ጓሮ ውዱእ ታደርጋለች። ነጠላ ጫማ በእርጥብ እግር ያንሸራትታል ስለምትል በእጇ ይዛው ትመጣለች። በባዶ እግሯ ሲሚንቶውን አቋርጣ ስትገባ፣ እግረ መንገዷን ፍሪጁን ከፈት። ወተቴ አለ? አለ። አልሐምዱሊላህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት ስትገባ "ያ ረቢ!" ብላ ጮኸች። ሮጠን ስንመጣ እጇን ታሻለች።

"ነከሰኝ" አለች።

"ማን?"

"ይሄ ነዋ! የዘይነባ ሳጥን።"

ዘይነባ ፍሪጁን ነካችው። ምንም። እኔም ነካሁት። ምንም። ደንበኞችም እየተጠሩ ነኩት። ዘይነባ፣ አዮ እጅሽ ደንዝዞ ይሆናል አለች። አዮ እጇን እያሻሸች ወደ ሰላቷ ገባች። በማግስቱ እንደገና ነከሳት። በሌላው ቀንም። እኛ ስንነካው በግ ነው፤ እሷ ስትነካው ጅብ ይሆናል።

ጂኒ ነው አለች። ሼሃችን ይጠሩልኝ አለች። ሼሃችን ጎረቤታችን ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ከእርሻ ሲመለሱ፣ ጭቃ በጭቃ የሆነ ቦቲ ጫማቸውን እንዳደረጉ መጡ። ክፍሏ ሱቅ ስለሆነች ጫማ አይወለቅባትም። ቁርኣን ቀሩ፤ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ የፍሪጁን በር ጭምድድ አድርገው ያዙት። ዝም። "የለም፤ ሄዷል" አሉ። አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ። አዮ ለመግሪብ ውዱእ አድርጋ ስትመለስ ነከሳት።

ዘይነባ አላስቻላትም። "ሼሃችንን የሚፈራ ጂኒ፣ አዮን እንዴት ይደፍራል?" አለች። ዘይነባ ክፉ አይደለችም፤ አፏ ይቀድማታል። አዮ ግን አየችኝ። "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አንተም ውሸቷን ነው ትላለህ?" አለችኝ። እኔ ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ከመናገር ከፋ። አዮ ጓዟን ጠቅልላ፣ ለቡሬና ለእኔ መኪና ፈልግ አለችኝ። ያን ያህል ዓመት የለመንኩት ዱዓ በአንድ ፍሪጅ ሊበላሽ ነው!

በማግስቱ ለዙህር ጓሮ ታጠብኩ። አሳብ ይዞኝ ጫማዬን እዚያው ረስቼ ገባሁ። አላህ እናቴን አታስቀይምብኝ እያልኩ እጄን ፍሪጁ ላይ አሳረፍኩ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ! እኔም "ያ ረቢ!" አልኩ። አዮ ከጓዟ ላይ ቀና አለች። እንዴት ደስ እንዳላት ብታዩ! ልጇን መብራት ሲነዝረው እንዲያ ደስ ያላት እናት አይቼ አላውቅም።

ታምሩ ጋ ደወልኩ። ፍሪጁን እንዳትነኩ፣ ኢንቨርተሩን አጥፉት አለ። ጎባ ቅርብ ነው፤ ወዲያው መጣ። ፍሪጁን ሳያይ ወደ ጓሮ አለፈ። እዚያ ቆሞ ቀረ።

"ጋሽ ሁሴን፣ ይቺን ላም እዚህ ማን አሰራት?"

አዮ ፈገግ ብላ ቀረበች። "እኔ ነኝ። አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ችካሉን ጠንካራ አድርገህ ነው የተከልክልኝ። ሣር አለ፣ ውኃ አለ።"

ለካ ኧርዙ የቡሬ ችካል ሆኗል። እኔም በየቀኑ አያታለሁ። ግን ሰው ላም ያያል እንጂ ማን ችካል ያያል? ቡሬ ስትጎትተው፣ ስትዞረው ውላ ብረቱን እንደ ወተት ጥርስ አነቃንቃዋለች። ሽቦው ተበጥሶ ሣር ውስጥ ወድቋል። እኛን ያልነዘረን ጫማችን ነው አለ ታምሩ። እርጥብ ባዶ እግር ያለው ሰው ግን ለመብራቱ መንገድ ይሆንለታል። ሼሃችንንም ያዳናቸው ቦቲያቸው ነው። የባሰ ብልሽት ቢሆን ኖሮ አዮም ቡሬም አይተርፉም ነበር ሲል ሁላችንም ቀዘቀዝን።

ከዚያ ዘይነባ፣ "ለካ ጂኒው ቀንድ አለው!" አለች።

አዮ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። በቃ፣ አሁን በሐፍረት ትሄዳለች አልኩ በልቤ። የበፊቱ ኩርፊያ ይሻል ነበር።

ታምሩ ግን ቆይ አለ። ላሟ መውረጃውን ነው የበጠሰችው፤ መብራቱ ከየት አመለጠ? ፍሪጁን አዞረው። ከጀርባው ያለው ገመድ ጥንት የተቀጠለ ነው። የተጠቀለለውም በቁስል ፕላስተር ነው! ፕላስተሩ አልቆ ሽቦው ቆርቆሮውን ይነካል። ይሄ ከመጀመሪያውም ያፈስ ነበር፣ ኧርዙ ሸፍኖላችሁ ነው አለ።

"ወንድሜ አዲስ ነው ብሎ ነው የሰጠን!" አለች ዘይነባ።

አዮ ሻሿን ከፊቷ መለሰች። "ነክሶኛል ስል ማንም አላመነኝም" አለች። "ቡሬ ናት የአማቾቻችንን ተንኮ... አስታግፊሩላህ፣ የወንድምሽን ፍሪጅ ያጋለጠችው።" ወዲያው ጓዟን ፈትታ ወደ ቦታው መለሰች።

ታምሩ ገመዱን ቀየረ። መብራት ሲያመልጥ ቶሎ የሚያጠፋ ብሬከር ጨመረ። ብረቱን እንደ አዲስ፣ ጠልቆ እንዲገባ ተከለው፤ ጫፉንም ክዳን ባለው የሲሚንቶ ሳጥን ከለለው። ለቡሬ የእንጨት ችካል እኔ ራሴ ጠረብኩላት፣ ከዚያ ራቅ አድርጌ።

ይህን ስጀምር ኧርዝ ላይ ላም አትሰሩ ብዬ ልመክራችሁ ነበር። እውነትም አትሰሩ። ግን ባትታሰር ኖሮ ያ ገመድ እስከ ዛሬ በፕላስተሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ምክር እንዴት አድርጌ ልጨርሰው?

ባለፈው ጁምዓ ሼሃችን በቦቲያቸው መጡ። ጂኒው ተመልሶ መጣ ወይ ብለው ጠየቁ።

"ወጥቷል ሼሃችን" አለች አዮ። "ካላመኑ ቦቲዎን ያውልቁ፤ እግርዎን ታጥበው ይንኩት።"

ሼሃችን ፍሪጁን አዩ። ቦቲያቸውን አዩ። "እኔማ መጀመሪያውኑ አምኛለሁ" አሉና ወተታቸውን ይዘው ወጡ፤ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠጡ።