የሀጂ ሙሄን ምሶሶ ሳጠጣ

እኛ ደሴዎች ለአዲስ ፎቅ አድናቆት አንሰስትም። መስታወቱን እናወድሳለን፣ ቀለሙን እናማለን፣ ፎቁን ከታች ወደ ላይ ቆጥረን «ይሄ ሰውዬማ ተሳካለት» እንላለን። ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ የቆመውን ምሶሶ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እስኪ እናንተ መቼ አያችሁ? እኔ አያለሁ። ፈሪ ነኛ! ፒያሳ ሻይ ልጠጣ ስገባ እንኳ መጀመሪያ የምሶሶውን እግር አይቼ ነው ወንበር የምስበው።

እንግዲህ ጎረቤቴ ሀጂ ሙሄ፣ ሆጤ ሰፈር ካለችው ቤቴ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሲጀምሩ እንቅልፌ የት እንደገባ አትጠይቁኝ። ስድስት ምሶሶ ቆመ። ሦስቱ ወደ መንገዱ፣ ሦስቱ ልክ ከጣሪያዬ አናት። አርማታው በተሞላ ማግስት ሠራተኞቹ ዙሪያውን የያዘውን እንጨት ፈተው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ውሃ የሚያጠጣ የለም!

በጎልማሳነቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ተሸክሜያለሁ። ፎርማናችን አርማታ ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም እያለ፣ በጆንያ ጠቅልለን ሳምንት ሙሉ እንድናጠጣው ያደርገን ነበር። ይህንኑ ለሀጂ ነገርኳቸው።

«አብሽር ጋሽ ደምሴ!» አሉኝ እየሳቁ። «እሱ ለኮምቦልቻ ሙቀት ነው። እዚህ የደሴ ጉም እያለ ውሃ ምን ያደርጋል? ካማረዎት ግን ያጠጡት።»

አብሽር! ወሎ ውስጥ ይህች ቃል ያላጽናናችው ሰው የለም። አርማታ ግን ጆሮ የለውም። ጉሙም ቢሆን ሦስት ሰዓት ላይ ይገፈፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የበጋ ፀሐይና ንፋስ ማን ይቁጠረው?

ጆንያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በእኔ በኩል ያሉትን ሦስቱን ጠቅልዬ፣ በፈረቃ የምትመጣውን ውሃ በጀሪካን እየተሸከምኩ ጠዋትና ማታ አጠጣቸው ጀመር። ባለቤቴ ዘውዴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጎመኔ ደርቋል፤ አንተ የሰው ድንጋይ ታጠጣለህ!» አለችኝ።

«ጎመንሽ አናታችን ላይ አይወድቅም።»

ሰባት ቀን! የመንገዱን ሦስቱን ግን ጉልበቴም ውሃዬም አልደረሰላቸውም።

ፎቁ ሳይቀጥል አንዲት መሐንዲስ ለቁጥጥር መጣች። ሽጉጥ የሚመስል፣ የአርማታ ጥንካሬ የሚለካ መዶሻ ምሶሶው ላይ እየጫነች ቁጥር ታነባለች። እኔ አጥሬ ላይ ተንጠልጥያለሁ፤ ልቤ ከመዶሻዋ በላይ ይመታል! የእኔዎቹን ሦስቱን ነካ ነካ አድርጋ አለፈች። የመንገዱን ስትነካ ፊቷ ተለወጠ። በሚስማር ፋቀችው፤ እንደ ዱቄት ረገፈ። ናሙና አስቆፍራ ወሰደች። በሳምንቱ ተመልሳ፣ «እነዚህ ሦስቱ ፈርሰው እንደገና ይሠራሉ» አለች።

ሀጂ ወደ እኔ ሲመጡ በቃ ተጣላን ብዬ ነበር። ትከሻዬን አቅፈው፣ «ወላሂ ጋሽ ደምሴ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ሳይፈቅዱ አንድ እንጨት አይፈታም!» አሉኝ። ትልቅ የውሃ ሮቶም አስመጡልኝ። ያን ቀን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ዋልኩ! እንደገና የቆሙትን የመንገዱን ሦስቱንም ከሮቶው በጀሪካን እየቀዳሁ አጠጣኋቸው።

አሁን አራቱም ፎቅ አልቋል። ጥላው ግቢያችንን ሞልቶታል፤ እስከ እኩለ ቀን ልብስ አይደርቅም። «አጠጥተህ አጠጥተህ አሳደግከው፣ ይኸው ፀሐያችንን ወሰደ» ትለኛለች ዘውዴ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ልሞቅ ወደ መንገዱ እወጣለሁ። እዚያ ጀርባዬን የምሰጠው ምሶሶ አላጣሁም፤ የትኛው ስንት ጀሪካን እንደጠጣ አውቃለሁ።