ስንተኛ ነው ኮሌጁ?

በናሺክ ከተማ የትኛውም የአፓርታማ ግቢ ብትገቡ ሦስት ነገር አታጡም፤ የቆመ ሊፍት፣ የሚያንቀላፋ ዘበኛና የምህንድስና ኮሌጆችን ደረጃ በቃሉ የሚወጣ ጡረተኛ። ሊፍቱ አንድ ቀን ይጠገን ይሆናል። ዘበኛውም ይነቃ ይሆናል። ለጡረተኛው ግን መድኃኒት አልተገኘለትም።

ኬታኪ ባደገችበት ግቢ ይህን ሹመት ይዘው የኖሩት ሊቀ ሊቃውንት ዘደረጃ ወተራ፣ ክቡር ሳዳናንድ ፑራኒክ ነበሩ። ልጅ አዋቂው «ፑራኒክ ካካ» ይላቸዋል፤ ካካ ማለት አጎቴ ማለት ነው። የማንም አጎት ባይሆኑም የሁሉም አጎት ነበሩ፤ አጎትነታቸውን የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ካካ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በባቡር ጣቢያው የትኬት መስኮት ጀርባ ተቀምጠው ነው። ባቡሩ ሲሞላ ለተሳፋሪው የተጠባባቂነት ተራውን የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ። «ተጠባባቂ መቶ አርባኛ ነዎት። አይሳፈሩም። የሚቀጥለው።» እናቴ ታማለች ያላቸው አለ፤ ሙሽራ ነኝ ብሎ የአበባ ጉንጉኑን ያሳያቸውም አለ። ካካ ያዝናሉ፤ ሻይም ያዝዙለታል፤ ቁጥሩን ግን አንድም ቀን አለዝበው አያውቁም። «ከመቶ በላይ ተጠባባቂ ሆኖ የተሳፈረ ሰው እኔ አላየሁም» ይሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የቀረው መስኮቱ ብቻ ነው። ተራ መንገሩ አብሯቸው ግቢ ገባ።

የኮሌጆችን ደረጃ የሚያወጣው መጽሔት በዓመት አንዴ ሲታተም ካካ ገላቸውን ታጥበው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ይገዙታል። ከዚያ ቤት ዘግተው ይከርማሉ። ሲወጡ መጽሔቱ በጭንቅላታቸው ውስጥ ነው፤ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው፣ የትኛው እንደወጣ፣ የትኛው እንደወረደ፣ ለምን እንደወረደ። ሚስታቸው ኩሱም፣ የካካ ሚስት ናትና «ካኪ» የምትባለው፣ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች፣ «የተጋባንበትን ቀን ጠይቋቸው እስቲ፣ ያውቁት እንደሆነ» ትላለች።

«እሱ ደረጃ አልወጣለትም» ይላሉ ካካ ከታች፣ ከአግዳሚ ወንበራቸው ላይ።

በዚያ አግዳሚ አጠገብ ሳይጠየቁ ማለፍ አይቻልም። አዲስ ጎረቤት ዕቃውን ሳያራግፍ «ልጅህ የት ነው የሚማረው?» ይባላል። መለሰ። «ስንተኛ ነው ኮሌጁ?» አላወቀም። ካካ ይነግሩታል፤ ሰውየው ፍራሹን ተሸክሞ እንደቆመ ስለ ልጁ ዕጣ ፈንታ ይረዳል። የጥርስ ሐኪሙን አፋቸውን ከፍተው ሳሉ በእጃቸው ምልክት የት እንደተማረ ጠይቀውታል። አንድ ጊዜ የሦስተኛ ፎቁ ሽማግሌ አርፈው፣ ሬሳው ሊቃጠል ወደ ወንዙ ዳር ሊወጣ ሲል፣ ካካ የሟቹን ልጅ ትከሻ አቅፈው፣ «አይዞህ፣ አባትህ ሰባተኛው ኮሌጅ አስገብተውህ ነው የሄዱት» አሉት። ልጁ ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የቻለው።

ዋናው ፈተና ግን ፔዳው ነበር። ልጁ ኮሌጅ የገባለት ቤተሰብ ፔዳ፣ ማለትም ያቺን የወተት ጣፋጭ፣ በካርቶን ይዞ በየቤቱ ያዞራል። ሌላው ሰው ይበላና ይመርቃል። ካካ ፔዳውን በሁለት ጣት ይዘው ይጠይቃሉ። ኮሌጁ እስከ መቶኛ ከሆነ ሙሉዋ ፔዳ ወደ አፍ ትሄዳለች። ከመቶ ካለፈ ግማሿ። ጎረቤቱ ቢታዘብ፣ ካካ የማይቀየር መልስ ነበራቸው፦ «ወይን በኪሎ፣ ኢንጂነር በደረጃ።»

ኬታኪ ሜካኒካል ምህንድስና የገባችው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በወይን ማሳ መሀል የቆመ ኮሌጅ ነው። መሥራቹ የወይን ነጋዴ ነበሩ። እናቷ ፔዳውን ስታቀርብላቸው ካካ ያዙት፣ ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ ሩቧን ቆርሰው ጎረሱና የቀረውን በክብር ካርቶኑ ውስጥ መለሱ።

«ሁለት መቶ አስራ ሰባተኛ» አሉ። «ከዚያ ግቢ ከሚወጣው ኢንጂነር ዘቢቡ ይሻላል። አንቺ ግን በርቺ፣ ልጄ።»

ኬታኪ ያችን የተቆረሰች ፔዳ ሦስት ዓመት ሙሉ አልረሳቻትም።

ከዚያ የሥራ ልምምዱ ጊዜ መጣ። ከላይ የተደረደሩት ኮሌጆች ጋ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ተማሪው ክራቫት አስሮ መጠበቅ ብቻ ነው። የኬታኪ ኮሌጅ አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ተማሪዎች የልምምድ ቦታቸውን ራሳቸው ይፈልጉ። እስከ ዓርብ የተቀበለው ድርጅት ያላሳወቀለት ተማሪ ወደ አራተኛ ዓመት አያልፍም። እናቷ ደግሞ ሌላ ዓመት የምትሸከምበት ትከሻ አልነበራትም፤ ይህን ኬታኪ ሳይነገራት ታውቀዋለች። ላገኘችው ድርጅት ሁሉ ኢሜይል ጻፈች። መልስ የሰጣት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሣጥኑ ሞልቷል የሚል የማሽን መልስ።

ነገሩን የሰሙት ካካ ማለዳ ስኩተራቸውን አስነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ውጪ። ሳትፑር የኢንዱስትሪ ሰፈር ያለውን ፋብሪካ ሁሉ በር በበር እናንኳኳለን። እኔ የማላውቀው ሰው አለ?»

እውነት ነው፤ ካካን የማያውቅ አልነበረም። ችግሩም እሱ ነበር። መጀመሪያ በደረሱበት የቦልት ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊው የኬታኪን ውጤት እያገላበጠ፣ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» እያለ ነበር። ቀና ሲል ካካ ተቀበሉት።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት። ኮሌጁ ነው የማይረባ። ሁለት መቶ አስራ ሰባተኛ ነው፣ ጌታዬ። ቤተ ሙከራ የሚሉት ቁም ሣጥን ነው።»

ሰውየው ወረቀቱን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሁለተኛውም ፋብሪካ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ጋ ያነጋገሯቸው ገና ዘበኛው ነበር፤ ካካ ለዘበኛውም ደረጃውን አልደበቁትም።

ሲመለሱ ኬታኪ ከስኩተሩ ወርዳ ቆመች።

«ካካ፣ ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«ለምን?»

«እርስዎ እውነት ይናገራሉ።»

«ልዋሽልሽ ነው?»

«አይዋሹ። ዝም ይበሉ።»

«ቁጥር እያወቁ ዝም ማለት ውሸት ነው፣ ልጄ። መስኮት ላይ ዝም ብል ኖሮ ስንቱ ሰው ጣቢያው ውስጥ በከንቱ ባደረ።»

«እኔ ትኬት አልጠየቅኩዎትም፣ ካካ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ካካ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ማንንም መጠየቅ ተዉ። አዲስ ተከራይ ገብቶ ዕቃውን አራግፎ ጨረሰ፤ የሚጠይቀው ጠፋ። ኩሱም ካኪ ለኬታኪ እናት፣ «ታመው እንደሆነ ብዬ ግንባራቸውን ዳሰስኩ» አለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ኬታኪን የውኃ ፓምፕ የሚሠራ ሶናዋኔ የሚባል ባለ ወርክሾፕ ነይ አላት። የመጨረሻዋ በር ነበረች። ዝናቡ ደግሞ እንደ ገንቦ ውኃ ተገለበጠ። አውቶቡስ የለም፣ ባለ ሦስት እግሯም ታክሲ ጠፋች። ኬታኪ በሩ ላይ ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ስትቆም፣ ካካ በራሳቸው ላይ የሩዝ ከረጢት ደፍተው ስኩተሩን እየገፉ መጡ።

«አደርስሽና ውጭ እቆማለሁ» አሉ። «አፌን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ።»

«እንደተሰፋ ይቆይ፣ ካካ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ሶናዋኔ ኬታኪን ሲያነጋግር እሳቸው ከበሩ ውጭ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመው ነበር። ሰውየው አጭር፣ እጁ ግሪስ የለመደ ነጋዴ ነው። የሚያቃስት ፓምፕ አስነሣና፣ «ምን ሆነ?» አላት።

ኬታኪ አዳመጠች። መልሱ መጽሐፏ ውስጥ አልነበረም።

«አላውቅም፣ ሳሄብ» አለች፤ ጌታዬ ማለቷ ነው። «ፈትቼ ልየው?»

ሶናዋኔ መፍቻ ሰጣት። እሷ ጎንበስ ብላ ስትፈታ እሱ ዝናቡን ለማየት ወደ በሩ ዞር አለ፤ ከረጢት የደፉትን ሽማግሌም አየ።

«ፑራኒክ ሳሄብ!» አለ። «እንዴት እዚህ ዝናብ ላይ ይቆማሉ? ይግቡ እንጂ። ሻይ አምጡ!»

ካካ አፋቸውን ገጥመው ገቡ። በምልክት ደኅና ነኝ አሉ።

«ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ?» አላት ሶናዋኔ ኬታኪን። «ልጄን የት ላስገባው ብዬ ክረምት በመጣ ቁጥር የምደውለው ለእሳቸው ነው። ከመጽሔቱ ይልቅ የማምነው እሳቸውን ነው።» ወደ ካካ ዞረ። «ጥሩ ጊዜ መጡልኝ። አንድ ቦታ ነው ያለኝ። ትናንት የመጣው ልጅ ከሠላሳ ስምንተኛው ኮሌጅ ነው። የዚችን ኮሌጅ ግን አላውቀውም። ወይን በኪሎ፣ ኢንጂነር በደረጃ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ስንተኛ ነው ኮሌጁ?»

ኬታኪ መፍቻውን እንደያዘች ደረቀች። ዓርብ ነገ ነው። በልቧ የእናቷን ፊት አየችና ዓይኗን ወደ ፓምፑ መለሰች፤ ካካን ለማየት አልደፈረችም።

ካካ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጥሩ ምላሳቸው ላይ እንደነበረ ጉንጫቸው ይመሰክር ነበር፤ ትኩስ ድንች እንደጎረሰ ሰው ወዲያና ወዲህ አገላበጡት። ጣሪያውን አዩ። ሻዩን አዩ።

«ረሳሁት» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ረሳሁት አልኩህ። እርጅና ነው።»

ፓምፑ ጠብ ጠብ ሲል ተሰማ። ሶናዋኔ ካካን ትክ ብሎ አያቸው። ሃያ ዓመት ብረት የገዛና የሸጠ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ቁጥር ሲውጥ አይስተውም። ከዚያ የኬታኪን እጅ አየ፤ ግሪሱ እስከ ክርኗ ደርሷል፤ የተበላ ጎማ ቀለበት በሁለት ጣቷ ይዛለች።

«ይሄ ነው መሰለኝ ያቃሰተው» አለች ቀስ ብላ።

«እሱ ነው» አለ ሶናዋኔ። «የትናንቱ ልጅ ሳይፈታው ነው አወቅሁት ያለኝ። ሰኞ ነይ። ለኮሌጅሽ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።» ሻዩን ወደ ካካ ገፋ አደረገላቸው። «እርስዎም ይጠጡ፣ ሳሄብ። ለመርሳት ጥሩ ነው ይላሉ።»

ዛሬ ካካ የሉም። አግዳሚው በሲሚንቶ ተተክቷል፤ የሚቀመጡበትም ወጣቶች ደረጃውን ከስልካቸው ላይ ያነቡታል፤ ሳይሳሳቱ፣ ሳይጠይቁ፣ ቀና ሳይሉ። ኬታኪም ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። እናቷን ልትጠይቅ ወደ ግቢው በገባች ቁጥር በዚያ ቦታ ስታልፍ እግሯ ሳታስበው ይዘገያል፤ የሚጠይቃት ያለ ይመስላታል። ማንም አይጠይቃትም። ያን ጊዜ የሚመጣባት የዚያን ቀን የመልስ ጉዞ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ካካ ከወርክሾፑ እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ ስኩተሩን ኩሬ ለኩሬ እያሳለፉ ነዱ። እሷም ከኋላ የካፖርታቸውን ጫፍ ይዛለች። ቀዩ መብራት አስቆማቸው።

«ሁለት መቶ አስራ ሰባተኛ» አሉ ካካ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«አውቃለሁ፣ ካካ።»

«ትናንት በወጣው መጽሔት ደግሞ በሦስት ወርዷል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ለቀቁት። ካካ ንቅንቅ አላሉም።

«አንድ ዓመት በዲዋሊ በዓል ሰሞን» አሉ፣ «በሙምባዩ ባቡር፣ ተጠባባቂ ሁለት መቶ ሃያኛ የነበረ ሰው ሲሳፈር አይቻለሁ። መስኮቱ ጋ ነበር የተቀመጠው።»

«ካካ፣ ከመቶ በላይ ማንም አይሳፈርም ሲሉን አልነበር እንዴ የኖሩት?»

«ረሳሁት» አሉና ስኩተሩን አስፈነጠሩት።